ትርንጎ ከቅጥሩ በር ውጭ የቆመችበት እሑድ

በመጀመሪያ በደሉን ልጻፍ። የልጅ ልጄን ትርንጎን «በደሟ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች» አሏት። በማርያም ማህበር ጽዋው ሲዞር እሷን ዘለሏት። በረዶ ገብሱን ሲመታው እንኳ በእሷ ተመካኘ። ትርንጎ ግን የምትደብቀው ደም አልነበራትም። የወር አበባዋ ከቀረ ቆይቶ ነበር። ለምን እንደ ቀረ ሊነግራት የሚገባ አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ዝም አለ። ይህ እንዲጻፍ እፈልጋለሁ።

ብርቄ እባላለሁ። የምኖረው ጎንደር ከተማ፣ ወደ ወለቃ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ የምጽፈው በማውቀው ቃል ነው። የሐኪሞቹን ቃል ግን እንደ ሰማሁት አስቀምጬዋለሁ፤ ይህን የምታነብ ሴት ሐኪም ፊት ስትቀርብ እንግዳ እንዳይሆንባት ብዬ ነው። ስለ ማህፀን እንዲህ በግልጽ መጻፍ ያሳፍረኛል። በእኔ ዘመን ሴት ልጅ ይህን ለእናቷም አትነግርም ነበር። ዝምታው ምን እንዳደረሰብን ስላየሁ ግን እያፈርኩም ቢሆን እጽፋለሁ።

ትርንጎን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ፣ ማለት የእኔ ልጅ፣ ቤሩት ለሥራ ስትሄድ ትርንጎ ሕፃን ነበረች። አድጋ፣ ተምራ፣ ጎንደር ሱቅ ውስጥ ስትሠራ ቆይታ፣ አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ ገብስና ድንች ለሚያርስ ባዩ ለሚባል ልጅ ተዳረች። ባዩ ሸጋ ልጅ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አይናገርም። እናቱ እትዬ ዘውዴ ግን የሰፈሩን ሴቶች በሙሉ በአንድ ቃል የምታስነሳና የምታስቀምጥ ሴት ናት።

እንደ ደንቡ ትርንጎ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እኔ ቤት ነበር። ቅቤውንና ማሩን አዘጋጅቼ እጠብቃት ነበር። ምጡ ቀድሞ መጣ። ጊዜው አልደረሰም ነበር። እዚያው ባሏ ቤት ወለደች። ልጁ አላለቀሰም። እንግዴ ልጁ አልወጣም። ደሙ አልቆመም። ባዩ በሰው ማኪና ጭኖ ጎንደር አመጣት። እኔ የደረስኩት ክሊኒኩ በር ላይ ነው። ፊቷ ነጭ ነበር። አላወቀችኝም።

ስሙን የማልጽፈው የግል ክሊኒክ ነው። ሐኪሙ ጎልማሳ ነበር፤ ካንዱ ክፍል ወደ ሌላው በሩጫ ነበር የሚሄደው። «እንግዴ ልጁ ተቆርጦ ቀርቷል፤ ማህፀኗ መጠረግ አለበት» አለን። ጠረጋት። ደሙ ቆመ። ከቀናት በኋላ ትኩሳት ያዛት፤ ደሙም እንደገና ጀመረ። ሁለተኛ ጠረጋት። ተረፈች።

እዚህ ላይ ፍርድ አላጓድልም። ያ ሐኪም ባይጠርጋት ኖሮ እቀብራት ነበር። በመጥረጉ ከስሼው አላውቅም። የከሰስኩት በሌላ ነው።

እኔ ቤት እንደ አራስ አስቀምጬ አበላኋት። ሕፃን የሌለበት አራስ ቤት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፤ ጎረቤት ይገባል፣ ይቀመጣል፣ የሚለውን ያጣና ስለ ዝናብ አውርቶ ይወጣል። ጉልበቷ ሲመለስ ወደ ባሏ ሄደች።

ከዚያ የመጀመሪያው ምልክት መጣ፤ ምልክቱም ደም አለመምጣቱ ነው። ወሩ ደረሰ፣ አላየችም። ሁለተኛው አለፈ። ሦስተኛው ሲያልፍ ብቻዋን ጎንደር ወርዳ ያንኑ ሐኪም ጠየቀችው። ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠች፣ ሳይመረምራት፣ «ደም ስለፈሰሰሽ ነው፤ ሰውነትሽ ሲጠና ይመጣል» አላት። ደም ይተካል የሚባለውን የአይረን ክኒን ጻፈላት። ክኒኑን ዋጠች። አልመጣም።

በእኛ አገር የሴት ወር ሚስጥር አይደለም። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ከቅጥሩ በር ውጭ ቆማ ታስቀድሳለች። ስለዚህ የሰፈሩ ሴቶች ማን መቼ ከውጭ እንደምትቆም ሳያስቡት ያውቃሉ። ከውጭ መቆም አያሳፍርም፤ ሁሉም በተራዋ የምትቆምበት ቦታ ነው። ትርንጎ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር ትገባለች። አንድም ቀን ከውጭ አልታየችም።

መጀመሪያ ደስ አላቸው። አርግዛለች ብለው ነው። እትዬ ዘውዴ የውሃ ጀሪካኑን ከእጇ ቀማቻት፤ ድንች ሲለቀም ጎንበስ አትበይ አለቻት። ትርንጎም የሚሉትን ሰምታ አላስተባበለችም። ሆዷ ግን አልገፋም። ወራት አለፉ፤ ሆዷ እንደ ነበረ ነው። ያን ጊዜ ሴቶቹ የቀራቸውን አንድ ሐሳብ አሰቡ፤ ካላረገዘች፣ ከውጭም ካልቆመች፣ እንግዲያው በደሟ እየገባች ነው። ሐኪም የሌለበት ሰፈር ውስጥ ሌላ ምን ይታሰባል? በዚያው ክረምት መውጫ ላይ በረዶ ወረደ። የእነ ባዩን ማሳ ከሁሉም ይልቅ ጎዳው።

የማርያም ማህበር በእትዬ ዘውዴ ቤት የሆነ ዕለት እኔም በእንግድነት ነበርኩ። ቄሱ ባርከው ወጥተዋል። ሴቶቹ ዙሪያውን ተቀምጠዋል። ጽዋው ካንዷ ወደ ሌላዋ እየተላለፈ መጣና እትዬ ዘውዴ ትርንጎን አልፋ ለቀጣይዋ ሰጠች። የተሳሳተች መሰለኝ።

«እትዬ ዘውዴ፣ ልጄን ረሳሻት» አልኩ።

«አልረሳኋትም እትዬ ብርቄ። ከውጭ መቆም ሲገባት ከእኛ ጋር ተጋፍታ የምትገባ እሷ ናት። ከእኔ ይልቅ እሷን ጠይቂያት።»

ከጥግ አንዷ፣ «በረዶውኮ የማንን ማሳ እንደሚመታ ለማወቅ አልተቸገረም» አለች። ሁለት ሴቶች ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ትርንጎ ተነሥታ ወጣች።

እኔ በሰፈሬ ተከራክሬ የምታወቅ ሴት ነኝ። ቀበሌ ሄጄ የጎረቤቴን ወሰን አስመልሻለሁ፤ ወፍጮ ቤት ሰልፍ የሚጥሰውን ወንዱንም ሴቱንም አስቁሜያለሁ። የዚያን ቀን ግን ቃል አጣሁ። «እውነት ቢሆንስ?» የሚል ነገር በልቤ አለፈ፤ ያም አሳፈረኝ።

ከቤቱ ኋላ ድንች ማሳው ዳር አገኘኋት። አልጠየቅኳትም፤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሷው ተናገረች።

«እምዬ፣ ደም የለኝም። ከዚያ ወዲህ አይቼ አላውቅም።»

«ምነው እንግዲያ አትነግሪያቸውም?»

«ብነግራቸው መካን ናት ይላሉ። በደሟ ትገባለች ቢሉኝ ይሻለኛል። እሱ ንስሐ አለው።»

ይህን ስትለኝ የማደርገውን አወቅሁ። እትዬ ዘውዴን ሳልሰናበት ይዣት ጎንደር ወረድኩ።

ፀበል ወሰድኳት፤ ሰባት ቀን ተጠመቀች። አልጸጸትም፤ እንቅልፏን የመለሰው ፀበሉ ነው። ቄሱም «ሐኪምም የእግዚአብሔር ነው» ብለው መርቀው ሰደዱን። ከዚያ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ቀረብን፤ ሴት ነበረች። አልትራሳውንድ አየቻት። ብዙ ጠየቀቻት። መጠረጓን፣ ሁለት ጊዜ መሆኑን ስትሰማ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አሸርማን ሲንድሮም ይመስለኛል» አለች። «ማህፀኗ ሲጠረግ ውስጡ ቆስሏል። ቁስሉ ሲሽር ግድግዳና ግድግዳው ተጣብቋል። ደሙ የሚበቅልበት ሽፋን ጠባሳ ሆኗል።»

«ስትወለድ የነበረ አይደለም?»

«አይደለም እማማ። በኋላ የመጣ ነው። ወሩ እንደ ቀረ ወዲያው ቢታይ ኖሮ ለማከም ይቀል ነበር።»

ከዚያ ክፍል ስወጣ ያ ሐኪም ወንበር ላይ አስቀምጦ ክኒን የጻፈላት ቀን ታወሰኝ። ወደ ክሊኒኩ ሄጄ ጠየቅሁት። ብዙ ሰው ስለሚያክም እንደማያስታውሳት ነገረኝ፤ የእግዚአብሔር ሥራ ነውም አለኝ። ሌላ ቀን ስሄድ በር ላይ ያለችው ልጅ የለም አለችኝ፤ የእሱ ማኪና ግን ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር። ትርንጎ «እምዬ፣ ተይው፤ አታዋርጂኝ» አለችኝ። ተውኩት። ለጊዜው ነው የተውኩት።

የማህፀን ሐኪሟ ጽፋልን አዲስ አበባ ሄድን፤ እዚያ ሂስትሮስኮፒ አደረጉላት። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በማህፀን በር ይገባና የተጣበቀው እየታየ ይቆረጣል። መልሶ እንዳይጣበቅ ትንሽ ፊኛ ውስጡ ይተዋሉ፤ ሽፋኑ እንዲያድግ የኢስትሮጅን፣ ማለት የሴት ሆርሞን፣ ክኒን ይሰጣሉ። ለብዙ ሴቶች ይህ ብቻ ይበቃል አሉን። ለትርንጎ አልበቃም። መልሶ ተጣበቀ። እንደገና ተቆረጠ። ቦታው ክፍት ሆኖ ቀረ፤ ሽፋኑ ግን አላደገም። ባዩ በየወሩ እየመጣ ይጠይቃታል። እቤት ምን እንደሚሉት አይነግረንም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሌላ እንዲያገባ እንደመከሩትና «ሚስት አለችኝ» ብሎ እንደመለሰ ከጎረቤቱ ሰማን።

የአዲስ አበባው ሐኪም ስለ ስቴም ሴል የነገረን ያኔ ነው። ስቴም ሴል ማለት ገና ምን እንደሚሆን ያልወሰነ ሴል ነው፤ እንደ ተቀመጠበት ቦታ ሊሆን ይችላል አለን። ሕንድ አገር አንድ ሆስፒታል ከሴቲቱ ከራሷ አጥንት መቅኒ ወስዶ፣ ለይቶ፣ በማህፀኗ ግድግዳ ላይ እየሰጠ እያጠና ነው። «ጥናት ነው» ብሎ ደጋገመልን። «መድኃኒት ሆኖ የጸደቀ አይደለም።»

«ከእኔ አጥንት ውሰዱ» አልኩት። «እኔ ከእንግዲህ ለምን ይጠቅመኛል?»

«የእርስዎን የእሷ ሰውነት አይቀበለውም። ከራሷ ነው የሚወሰደው።»

ያ ከበደኝ። የተጎዳችው እሷ፣ የምትወጋውም እሷ። ፍርድ የለበትም አልኩ።

ወጪውን እናቷ ከቤሩት ቻለችው። አብሯት መሄድ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ስለ ነበር እኔ ሄድኩ። ስለ አውሮፕላኑ አልጽፍም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ዳዊት ስደግም ነው የደረስኩት። የሆስፒታሉ ሐኪም ግራጫ ፀጉር ያላት ሴት ናት። አስተርጓሚያችን ከአገር ከወጣ የቆየ ያገራችን ሰው ነበር፣ ወንድ። የማህፀንን ነገር በእሱ አፍ ማስነገር አቃተኝ። አንገቴን ደፍቼ ዝም ስል ገባው።

«እማማ፣ እኔ እዚህ ክፍል ውስጥ አፍ ብቻ ነኝ» አለኝ። «ጆሮዬን ከውጭ ትቼው ነው የገባሁት።»

ትርንጎ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ዘመን ሆኖኝ ነበር። እኔም ነገሩን እንደ እርሻ አድርጌ ጠየቅሁ። «ማሳው ከድንጋዩ ጠርቷል አሉን። ለምን አያበቅልም በልልኝ» አልኩት። እሱ ሲነግራት ሐኪሟ መለሰች።

«ድንጋዩ ተለቅሟል። አፈሩ ግን ታጥቧል። እኛ የምንሞክረው አፈር እንደገና እንዲሠራ ነው።»

አፈር ሲታጠብ እኔ አውቃለሁ። የእኛ ደጋ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከዚያ ወዲያ የነገረችኝ ሁሉ ገባኝ።

«ትወልዳለች?» አልኩ።

«አላውቅም። ሽፋኑ ሊያድግ ይችላል፤ ላያድግም ይችላል። ቢያድግ እንኳ ፅንስ ይይዛል ብዬ ቃል አልገባም።»

በዚህ ሁሉ መንገድ ሐኪም «አላውቅም» ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ያመንኳት በዚያ ነው።

በቀጠሮው ቀን ጠዋት ወሰዷት። በሆዷ አስተኟት። ዳሌዋን አደነዘዙት። ወፍራም መርፌ ነው። አጥንቱ ድረስ ይገባል። እጄን ያዘች። አልጮኸችም። የጥፍሯ ምልክት መዳፌ ላይ ቀረ። መቅኒው ቀይ ነው፤ እንደ ደም ነው የሚመስለው። ይዘውት ሄዱ። ጠበቅን። ከሰዓት በኋላ መልሰው ጠሯት። የለዩትን ሴል በአልትራሳውንድ እያዩ በረጅም መርፌ ማህፀኗ ግድግዳ ውስጥ ሰጧት። እኔን አላስገቡኝም። በሩ ላይ ቆምኩ። ስንት ሴት እንዲህ ከበር ውጭ ቆማለች እያልኩ ቆምኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የትዕግሥት ነበር። ዳሌዋ እስኪሽር ጎኗን ለውጣ መተኛት አልቻለችም፤ የሆርሞኑ ክኒን ጡቷን ያሳምማት፣ ሆዷን ያቅለሸልሻት፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ያስለቅሳት ነበር፤ እኔም የአገሩን ምግብ መልመድ ስላቃተኝ ከዳቦና ከሙዝ ጋር ስታገል፣ እሷ ታማ ሳለች ስለ እኔ ሆድ ትጨነቅ ነበር። በአልትራሳውንድ ሲያዩት ሽፋኑ በጥቂቱ ወፍሯል። ሐኪሟ ደስታዋን አላበዛችም። የቀረውን ክትትል አገራችሁ አድርጉት ብላ፣ ምስሎቹን ሁሉ ሰጥታ ሰደደችን።

ጎንደር ተመልሰን ክኒኑን በጨረሰች በጥቂት ቀን፣ ልብስ እያጠብኩ ሳለ ትርንጎ ከመታጠቢያው ክፍል በቀስታ ጠራችኝ። በሩ ላይ ቆምኩ።

«እምዬ፣ መጣ።»

ብዙ አልነበረም። ምልክት ያህል ነው። እልል ልበል ብዬ አፌን ከፈትኩና አፈርኩ፤ ለዚህ እልል ይባላል? በሩን ይዤ ቆሜ አለቀስኩ። እሷም ከወዲያ በኩል ታለቅስ ነበር።

በዚያው እሑድ አምባ ጊዮርጊስ እንሂድ አለችኝ። ጠዋት ስንደርስ ቅዳሴው ገብቷል። ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ከቅጥሩ በር ውጭ፣ ከድንጋዩ አጠገብ ቆመች። እኔ መግባት እችል ነበር። ሳልገባ አጠገቧ ቆምኩ። የሚገቡት ሴቶች አዩን፤ እየገቡም ዞር ብለው አዩን። ቅዳሴው ሲያልቅ እትዬ ዘውዴ ወጥታ ፊት ለፊታችን ቆመች። ትርንጎን አየች፤ መሬቱን አየች።

«ቆመሽ ደከመሽ ልጄ። ድንጋዩ ላይ አረፍ በይ» አለቻት።

ያ ከእሷ ብዙ ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን በማህበር የተወሰደ በማህበር ይመለስ አልኳት። ከኩርፊያ በኋላ ተስማማች። በሚቀጥለው ማርያም ሐኪሞቹ ያሉትን ሁሉ እኔው ለሴቶቹ ነገርኳቸው፤ አንዳቸውንም ቀና ብዬ ሳላይ። እትዬ ዘውዴ ጽዋውን በሁለት እጇ ለትርንጎ አቀረበች። ስለ በረዶው የተናገረችው ሴት ከሁሉ ቀድማ አለቀሰች። እኔ እሷን ገና ይቅር አላልኳትም።

ይህን ስጽፍ ትርንጎ አላረገዘችም። ወሯ ይመጣል፤ ጥቂት ነው፤ ይመጣል። እሷና ባዩ አብረው ናቸው። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ እንደ እኛ ሄዳችሁ ልጅ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ ብዬ ተስፋ ብሰጣችሁ እዋሻለሁ።

ማህፀኗ የተጠረገች ሴት ወሯ ከቀረ አትጠብቅ፤ ክኒን ብቻ ተሰጥቷት ከተሸኘች ሌላ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። መጀመሪያ ሂስትሮስኮፒን ጠይቁ። ስቴም ሴል ብሎ የተረጋገጠ መድኃኒት አለኝ፣ ትወልዳለሽ የሚላችሁ ካለ ሽሹት፤ ከእኛ ጋር የነበሩት እውነተኞቹ ሐኪሞች አንዳቸውም እንዲህ አላሉም። አማቶችም፣ እናቶችም፣ ልጃችሁ ከውጭ ሳትቆም ስትቀር ሐኪም ዘንድ ይዛችኋት ሂዱ። እስክሪብቶዋን ላስቀመጠችው ሐኪም፣ «አላውቅም» ላለችን ሴት፣ ጆሮውን ከውጭ ለተወው አስተርጓሚ፣ ሌላ ላላገባው ለባዩ፣ ቤሩት ለቀረችው ልጄ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ምስሎቹን ይዤ ወደ ክሊኒኩ ተመለስኩ። ትርንጎ አልገባም ብላ ከውጭ አግዳሚው ላይ ቀረች። በር ላይ ያለችው ልጅ የለም ስትለኝ እስኪመጣ እቀመጣለሁ ብዬ ተቀመጥኩ። መጣ። ፀጉሩ ሸብቷል። ምስሎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። አንድ በአንድ አያቸው።

«ልጄ» አልኩት፤ በዕድሜ ልጄ ነው። «ስላተረፍካት አመሰግንሃለሁ። አንድ ነገር መልስልኝ። ስትጠርጋት ይህ ሊመጣ እንደሚችል ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ምነው ታዲያ አልነገርካትም?»

«በሕይወት መውጣቷ በቂ መስሎኝ ነበር» አለ። ከዚያ፣ «የወር አበባዬ ቀረ ብላ ስትመጣ ግን ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። አፍራለሁ እማማ።»

«ለእኔ አይደለም። እሷ ከውጭ ናት» አልኩት።

ተነሣ። ጋውኑን አወለቀና ወንበሩ ላይ ተወው። ተከትዬው ወጣሁ። ትርንጎ ስታየው ልትነሣ ስትል በእጁ ከለከላት፤ እሱ ቆሞ፣ እሷ ተቀምጣ፣ ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች እየሰሙ እንዲህ አላት።

«ካንቺ የመጣ ነገር የለም። በእኔ እጅ ነው የመጣው፤ ልነግርሽ ሲገባኝም አልነገርኩሽም።»